በ177 የፈረስ ጉልበት የተሸጠው ሞተር ለምን 204 አይደረግም?

ጥያቄ፦ «የካዛንቺስ ነዋሪ ነኝ። እ.ኤ.አ. የ2018 ስሪት ቶዮታ ሂሉክስ አለኝ፤ ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተርና ባለ ማኑዋል ካምቢዮ ነው። ዕቃ ጭኜ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ እመላለሳለሁ። የእኔ መኪና ጉልበት 177 ነው፤ ከ2020 ወዲህ የወጣው ሂሉክስ ግን ይኸው 1ጂዲ-ኤፍቲቪ የሚባል ሞተር ተገጥሞለት 204 ይሰጣል። አንድ ጋራዥ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም በመቀየር ብቻ 204 የፈረስ ጉልበትና 500 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል) እንደሚያወጣልኝ ነግሮኛል። ሌላ ሜካኒክ ደግሞ ፋብሪካው ደከም ብለው የወጡትን ሞተሮች እየለየ ዝቅ ባለ ቁጥር እንደሚሸጥ አጫወተኝ። ኩባንያው ጉልበቱን ደብቆ ነው የሸጠልን? ፕሮግራሙን ላስቀይር?»

ምላሽ፦ አያስቀይሩ። ይህን የምለው ፋብሪካ የወሰነው ሁሉ የማይነካ ስለሆነ አይደለም፤ በአንዳንድ መኪኖች ላይ ጉልበት ለገበያ ሲባል ብቻ ታግዶ እንደሚሸጥ የታወቀ ነው። የእርስዎ መኪና ግን ከእነዚያ ወገን አይደለም። ከዚህም በላይ መኪናው የሚሠራው አዲስ አበባና ከአዲስ አበባ ከፍ ባሉ ቦታዎች ላይ በመሆኑ፣ ጋራዡ «ተርፎ ተቀምጧል» የሚልዎትን አቅም የአገሩ ከፍታ ቀድሞ እየተጠቀመበት ነው።

በመጀመሪያ የሁለተኛው ሜካኒክ አባባል መታረም አለበት። ደከም ያሉትን ለይቶ ዝቅ ባለ ደረጃ መሸጥ በኮምፒውተር ቺፕ ኢንዱስትሪ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ በመኪና ሞተር ግን እንዲህ አይደረግም። አንድ ሞተር ከመገጣጠሚያው መስመር ሲወጣ ወይ መለኪያውን ያሟላል፣ ወይ ይመለሳል። 177 የሚሰጠው ሞተር ገና ሥዕሉ ሲነደፍ 177 እንዲሰጥ የታሰበ ነው፤ ስለዚህ በእጅዎ ያለው ሞተር ከሌላው የተረፈ ውራጅ ነው ብለው አይጠራጠሩ።

ቁጥሮቹንም በአንድ መለኪያ ማስቀመጥ ይገባል። 177 እና 204 የሚባሉት በሜትሪክ የፈረስ ጉልበት የተሰሉ ሲሆኑ በኪሎ ዋት 130 እና 150 ናቸው። ይኸው 150 ኪሎ ዋት በእንግሊዝና በአሜሪካ አቆጣጠር 201 ይሆናል። ሶማሌ ተራ ላይ ስለ አንድ ሞተር ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሲነገሩ የሚሰማው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሳይለያይ መለኪያው ይለያያል። ስለዚህ ሁለት መኪናዎችን ሲያወዳድሩ ሁልጊዜ በኪሎ ዋት ይጠይቁ። በእርስዎ ጉዳይ ያለው የ20 ኪሎ ዋት ልዩነት ግን የአቆጣጠር ሳይሆን እውነተኛ ነው።

ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። የሞተር ጉልበት በኪሎ ዋት ማለት ቶርኩ በኒውተን ሜትር፣ በደቂቃ ዙሩ ተባዝቶ ለ9,549 ሲካፈል የሚገኘው ነው። የእርስዎ ባለ ማኑዋል ሂሉክስ ከፍተኛ ቶርኩ 420 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ ይህን ቶርክ ይዞ የሚቆየው እስከ 2,600 ዙር ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቶርኩ እየወረደ ሄዶ 130 ኪሎ ዋት በሚሰጥበት 3,400 ዙር ላይ 365 ገደማ ይደርሳል። አዲሱ ባለ ማኑዋል ደግሞ ከፍተኛ ቶርኩ ያው 420 ነው፤ ነገር ግን እስከ 3,400 ዙር ድረስ ሳይቀንስ ይቆያል። 420 በ3,400 ተባዝቶ ለ9,549 ሲካፈል 150 ኪሎ ዋት ገደማ ይሰጣል። እንግዲህ ባለ ማኑዋሉ 204 የፈረስ ጉልበት የተገኘው ሞተሩ ይበልጥ እንዲገፋ በመደረጉ ሳይሆን፣ ከፍ ባለ ዙር ላይ መተንፈስ እንዲችል በመደረጉ ነው።

በከፍተኛ ዙር ለመተንፈስ ደግሞ ዕቃ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ቶዮታ ይህን ሞተር ሲያሻሽል አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ ተለቅ ተደርጎ በኩሽኔታ ላይ የሚዞር ሆኗል፤ የናፍጣ መርጫው መጠን ጨምሯል፤ የሞተሩ ዋና አካል፣ የጭስ መሰብሰቢያውና ፒስተኖቹ ተሻሽለዋል። ስሙ 1ጂዲ-ኤፍቲቪ ሆኖ ቀጠለ፤ ሞተሩ ግን ያው አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሞተር መለያ ስም የአንድን ቤተሰብ አወቃቀር ይናገራል እንጂ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስለመሆኑ ዋስትና አይሰጥም። መለዋወጫ ሲገዙ በሞተሩ ስም ብቻ ሳይሆን በሻንሲ ቁጥር እንዲያዙ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አለ። በተለምዶ ቪ8 የሚባለው ላንድክሩዘር 200 እና በመስክ ሥራ የሚታወቀው ላንድክሩዘር 70 አንዳንዱ ስሪት፣ ሁለቱም 1ቪዲ-ኤፍቲቪ የሚባለውን ባለ 4.5 ሊትርና ባለ ስምንት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ይይዛሉ። በላንድክሩዘር 70 ላይ ሞተሩ አንድ ቱርቦ ኖሮት 151 ኪሎ ዋትና 430 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ በላንድክሩዘር 200 ላይ ሁለት ቱርቦ ኖሮት በአንዳንድ አገሮች 195 ወይም 200 ኪሎ ዋትና 650 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። በቶርክ ያለው ልዩነት ከግማሽ በላይ ነው። በዚህ መካከል የተደበቀ ነገር የለም፤ የቱርቦው ቁጥር፣ ካምቢዮው፣ ማቀዝቀዣው፣ መኪናው የተሠራለት ሥራም ይለያያል።

ዕቃው ሳይቀየር ጉልበት ሲጨመር ምን እንደሚሆን ደግሞ ከአሮጌዎቹ ላንድክሩዘሮች መማር ይቻላል። ያለ ቱርቦ የሚሠራው 1ኤችዜድ እና ባለ ቱርቦው 1ኤችዲ-ቲ ሁለቱም 4.2 ሊትር፣ ሁለቱም ባለ ስድስት ሲሊንደር ናቸው። የመጀመሪያው ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚታመቅበት እጥፍ) ግን ከ22 ለ1 በላይ ሲሆን የሁለተኛው 18.6 ለ1 ነው፤ የቴስታታውና የናፍጣ አረጫጨቱ ሥርዓትም የተለያየ ነው። 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ የሚያስገጥሙ ሰዎች «ቶዮታም እንዲሁ አድርጎታል» ይላሉ፤ ቶዮታ ግን እንዲያ አላደረገም፤ ኮምፕሬሽኑን ዝቅ አድርጎ፣ ቴስታታውን ቀይሮ ነው ቱርቦ የገጠመው። ያለ እነዚህ ለውጦች የተገጠመ ቱርቦ ሙቀት ሲያበዛ ቴስታታ ይሰነጠቃል፣ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል።

ወደ እርስዎ ካምቢዮ ልመለስ፤ በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ 500 ኒውተን ሜትር የሚለው ተስፋ ነውና። ቶዮታ 500ን የሚሰጠው ለባለ አውቶማቲኩ ካምቢዮ ብቻ ነው። ባለ ማኑዋሉ፣ ሞተሩ ተሻሽሎ 204 ከሆነ በኋላ እንኳን፣ 420 ላይ ነው የቆመው። በቀድሞውም ስሪት አውቶማቲኩ 450፣ ማኑዋሉ 420 ነበር። አምራቹ አዲስና ጠንካራ ሞተር በእጁ ይዞ የማኑዋሉን ቶርክ ያላሳደገው፣ ለዚያ ካምቢዮና ለዚያ ፍሪሲዮን ያስቀመጠው ገደብ 420 ስለሆነ ነው። ጋራዡ በአሮጌው ሞተር ላይ 500 አወጣለሁ ሲል፣ አምራቹ በተሻሻለው ሞተር እንኳ ያልደፈረውን በእርስዎ ፍሪሲዮን ላይ ሊሞክር ነው። ጭነት ይዘው ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጡ በዝቅተኛ ዙር ላይ የሚመጣ 500 ኒውተን ሜትር መጀመሪያ የሚያንሸራትተው ፍሪሲዮኑን ነው፤ ፍሪሲዮኑ ከበረታ ደግሞ ጫናው ወደ ካምቢዮው ጥርሶችና ወደ ዲፈረንሻሉ ያልፋል።

አንድ ሞተር በተለያየ ጉልበት እንዲሸጥ የሚያደርገው ሌላው ምክንያት የሥራው ርዝመት ነው። በካዛንቺስ ወይም በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ካሉት ሕንጻዎች የአንዱን ጄነሬተር ሰሌዳ ቢያዩ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ያገኛሉ፤ አንዱ መብራት ሲጠፋ ብቻ ለጥቂት ሰዓት ለሚሠራ፣ ሌላው አነስ ያለው ደግሞ በቋሚነት ለሚሠራ። ሞተሩ አንድ ነው፤ የሚለያየው ጉልበቱን ለስንት ሰዓት እንዲሰጥ እንደሚጠየቅ ነው። በመርካቶ ያለ ተሸካሚ መቶ ኪሎ አንስቶ መንገድ ሊሻገር ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ግን በዚያ ሸክም አይደለም። በጭነት መኪናም እንዲሁ ነው፤ አይሱዙ 4ኤችኬ1 የሚባለውን ባለ 5.2 ሊትር ሞተር እንደየመኪናው ክብደትና ሥራ ከ150 ገደማ እስከ ከ200 በላይ የፈረስ ጉልበት አድርጎ ያቀርበዋል። ዝቅተኛው ቁጥር ቀኑን ሙሉ ጭነት ይዞ ለሚውል፣ ማቀዝቀዣው አነስ ላለና ዋጋው ዝቅ ላለ መኪና ሲሰጥ ሞተሩ ይከበራል እንጂ አይናቅም።

ሕግና ግብርም ድርሻ አላቸው፤ ይህ ግን ለእርስዎ ጥያቄ ብዙ አይጠቅምምና በአጭሩ ልለፈው። ጃፓናውያን አምራቾች ከ1989 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በመካከላቸው በነበረው ስምምነት ለአገር ውስጥ ገበያ የሚያቀርቡትን መኪና ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ ነው ብለው አያስመዘግቡም ነበር። በጣልያን ከ185 ኪሎ ዋት በላይ የሆነ መኪና ተጨማሪ ዓመታዊ ግብር አለበት፤ በአውሮፓ መካከለኛ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከ35 ኪሎ ዋት በላይ ማሽከርከር ስለማይችል አምራቾች ተለቅ ያሉ ሞተር ሳይክሎችን ገድበው ይሸጡለታል። በእኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አውቶሞቢሎችን የሚለየው በጉልበት ሳይሆን በሲሲ ነው፤ ወሰኖቹም 1,300 እና 1,800 ናቸው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሲሲ ይዞ ዝቅ ባለ ጉልበት የመጣ መኪና ለኢትዮጵያ ግብር ተብሎ የተገደበ ነው የሚለው አባባል መሠረት የለውም።

አሁን ኩባንያዎችን ወደሚያስወቅሰው ምክንያት ልምጣ። አዎን፣ ለገበያ ሲባል ብቻ የሚደረግ ገደብ አለ። ቢኤምደብሊው ኤን20 የሚባለውን ባለ 2 ሊትር የቤንዚን ቱርቦ ሞተር 320አይ ላይ በ184፣ 328አይ ላይ በ245 የፈረስ ጉልበት ሸጦታል። አዲስ ሞተር ነድፎ፣ ፈትኖና የጭስ ደንብ አሟልቶ ለገበያ ማድረስ ከፍተኛ ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ አምራቹ አንዱን ሞተር በተለያየ ደረጃ ከፋፍሎ ለብዙ ዓይነት ገዢ ይሸጠዋል። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ነገሩ ይበልጥ የተራቆተ ነው፤ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝ አገር ለአይዲ.3 ገዢዎች በመኪናው ውስጥ ያለውን የ150 ኪሎ ዋት ገደብ ወደ 170 ለማንሳት ወርሃዊ ክፍያ አቅርቧል። ገዢው ሞተሩንም ባትሪውንም ገዝቶ ወስዷል፤ የሚከፍለው ለፈቃድ ነው። እኔ ይህን አሠራር ተገቢ ነው ብዬ አልቀበለውም፤ ሰው በገንዘቡ የገዛው ዕቃ ውስጥ ያለውን አቅም እንደገና እንዲከራይ መጠየቅ የለበትም። ነገር ግን ይህ ቅሬታ ትክክል መሆኑ የእርስዎን ሂሉክስ ከዚህ ወገን አያደርገውም። በእርስዎ መኪና ላይ በ130 እና በ150 ኪሎ ዋት መካከል ያለው የብረት ልዩነት ነው።

ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በባሕር ዳርቻ ላይ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 76 ገደማ ነው፤ ከአየሩ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ለምሳሌ በከተማው በብዛት የሚታዩት የቪትዝና የዲዛየር ሞተሮች፣ ይህን ጉድለት በቀጥታ በጉልበት ይከፍሉታል፤ ሰነዳቸው ላይ ካለው ጉልበት ከአምስት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ በላይ እዚህ አያገኙትም። ለአዲስ አበባ ሕንጻ ጄነሬተር ሲመረጥ የአምራቹ የከፍታ ቅናሽ ሠንጠረዥ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባለ ቱርቦ ሞተር ግን ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ችግሩ የሚመጣው የሚሸፍንበትን መንገድ ካለማየት ነው። በስሌት ላሳይ። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ለመስጠት ለምሳሌ ያህል 220 ኪሎ ፓስካል ጠቅላላ ግፊት ቢፈልግ፣ በባሕር ዳርቻ ያለው ቱርቦ 101ን ወደ 220 ማድረስ፣ ማለትም አየሩን 2.2 እጥፍ መጭመቅ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ያለው ይኸው ቱርቦ 76ን ወደ 220 ለማድረስ 2.9 እጥፍ መጭመቅ አለበት። እንጦጦ አናት ላይ ወይም ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ የአየሩ ግፊት ወደ 70 ስለሚወርድ 3.1 እጥፍ ያስፈልጋል። ቱርቦው ይህን የሚያደርገው በፍጥነት በመዞር ነው፤ ፍጥነቱም ለዘንጉና ለክንፎቹ ገደብ አለው። በኮምፒውተሩ ውስጥ የውጭውን አየር ግፊት እያነበበ፣ ከፍታው ሲጨምር የቱርቦውን ግፊትና የናፍጣውን መጠን ዝቅ የሚያደርግ ሠንጠረዥ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ፋብሪካው ሲነድፍ የተወው ትርፍ አቅም አለ፤ አንዱ ክፍል ለሙቀት፣ አንዱ ለመጥፎ ነዳጅ፣ አንዱ ደግሞ በትክክል ለእንደዚህ ያለው ከፍታ ነው። በሞምባሳ ወይም በጅቡቲ የሚነዳ ሰው ያ ትርፍ አቅም ሳይነካ ሊቆይለት ይችላል። እርስዎ ግን ከካዛንቺስ ወጥተው በየዕለቱ ይጠቀሙበታል።

ጋራዡ ፕሮግራሙን ቀይሮ ግፊቱን ከ220 ወደ 250 ቢያሳድገው፣ በባሕር ዳርቻ 2.5 እጥፍ ማለት ነው፤ ይህ መኪናዎ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ሳይነካ ከሚሠራው እንኳ ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን 3.3 እጥፍ ይሆናል። ፕሮግራሞቹ በአብዛኛው የሚዘጋጁት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ባሉ አገሮች ሲሆን፣ እዚያ ተፈትነው «ምንም አልሆነም» መባላቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ቱርቦው የታዘዘውን አየር ማቅረብ ሲያቅተው ደግሞ ሌላ ጉዳት ይከተላል። ናፍጣው በአዲሱ ፕሮግራም ልክ ይረጫል፣ አየሩ ግን አይደርስም፤ ውጤቱ ጥቁር ጭስና የጋለ ጭስ ነው። ወደ ቱርቦው የሚገባው ጭስ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ በናፍጣ ሞተር ላይ የአሉሚኒየም ፒስተኖች፣ የቱርቦው ዘንግና የጭስ መሰብሰቢያው አደጋ ላይ ናቸው። ይህ ጉዳት በቦሌ መንገድ ላይ አይታይም፤ ከመብራት እስከ መብራት ለአምስት ሰከንድ ፔዳል ረግጦ መልቀቅ ሞተሩን አያግለውም። የሚታየው ጭነት ይዘው ረጅም ዳገት ሲወጡ ነው፤ እርስዎም የሚሠሩት በትክክል ይህንኑ ነው።

ጋራዡ ሥራውን ለማሳመን የሚያሳይዎትን ማስረጃም በጥንቃቄ ይመልከቱ። የጉልበት መለኪያ ማሽን ውጤቱን ወደ ባሕር ወለል ሁኔታ በማስተካከያ ቁጥር አባዝቶ ይሰጣል። ይህ ማስተካከያ ቱርቦ ለሌለው ሞተር ተገቢ ነው፤ ቱርቦው ራሱ ከፍታውን ለሚያካክስ ሞተር ግን በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ቁጥሩን ያለ አግባብ ያሳብጠዋል። ስለዚህ ያልተስተካከለውን ጥሬ ቁጥር ይጠይቁ። ከዚህም ሌላ ብዙ ፕሮግራሞች መጀመሪያ የሚቀይሩት የፔዳሉን ስሜት ነው፤ ፔዳሉ በግማሽ ሲረገጥ ሞተሩ ሦስት አራተኛ እንደተረገጠ ሆኖ እንዲታዘዝ ያደርጉታል። መኪናው የበረታ ይመስላል፣ ፔዳሉ መሬት ሲነካ ግን የሚሰጠው ያው ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ ሞተር አይገድልም፤ ነገር ግን ገንዘብ የሚከፈልበት ጉልበት አይደለም።

ታዲያ መኪናዎ ዳገት ላይ ደክሞብዎት ከሆነ ምን ያድርጉ? የእኔ ምክር ከ177 በላይ ከመፈለግ በፊት 177ቱ ሙሉ በሙሉ መኖሩን ማረጋገጥ ነው፤ ይህን ያህል ዓመት በአገራችን አቧራና ነዳጅ ከሠራ ሞተር ላይ ሙሉውን ጉልበት ማግኘት አይጠበቅምና። መመርመሪያ መሣሪያ ያለው ሜካኒክ ዘንድ ይሂዱና ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ በአየር መቀበያው ውስጥ ያለውን ግፊት ያስነብቡ፤ አዲስ አበባ ላይ 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ማሳየት አለበት። 90 ወይም 100 ካሳየ ሴንሰሩ እየዋሸ ነው፤ ኮምፒውተሩም ባሕር ዳርቻ ያለ መስሎት የሚወስነው ውሳኔ ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል። ቀጥሎ አንድ ሰው ከጎንዎ ተቀምጦ እያነበበ፣ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ በሙሉ ረግጠው ሲወጡ ኮምፒውተሩ ያዘዘውን የቱርቦ ግፊትና የተገኘውን ያወዳድር። የተገኘው ከታዘዘው በግልጽ አንሶ ከቆየ ጉልበትዎ የጠፋው እዚያ ነው፤ ወይ የአየር ቱቦ ተሰንጥቋል፣ ወይ ከኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር ከሚያቀዘቅዘው) ጋር የሚያያዝበት ክላምፕ ለቅቋል፣ ወይ የቱርቦው ተንቀሳቃሽ ክንፎች በጥላሸት ተይዘዋል። የአየር ፊልትሮው አቧራ የጠጣ ከሆነ በኮምፕረሰር አራግፎ መመለስ አይበቃም፤ ይቀየር። ከጭስ መመለሻው የሚመጣው ጥላሸት የአየር መግቢያውን አጥብቦት ሊሆን ስለሚችል ተፈትቶ ይታይ፤ የናፍጣ ፊልትሮው ይቀየር፣ የኢንጀክተሮቹም የማስተካከያ ቁጥር ይነበብ። ሞተሩ ሲጮህ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ያን ጊዜ ጉልበት መጨመር ማለት ያለቀውን ቶሎ ማቃጠል ነው። ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ ጎማ ካስገጠሙም ማርሽዎን ሳያውቁት አርዝመውታል፤ ዳገት ላይ የሚሰማዎት ድካም ከዚያ ሊመጣ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ፕሮግራሙን ለማስቀየር ከወሰኑ፣ የማይታለፉትን ገደቦች ልንገርዎት። የቀድሞው ፕሮግራም ሙሉ ቅጂ በእጅዎ ይግባ። ቶርኩ ከ420 አይለፍ። የከፍታ ማስተካከያ ሠንጠረዡ፣ የጭስ መገደቢያውና የሙቀት መከላከያው አይነኩ፤ የጭስ ማጣሪያ ካለውም አይነቀል። የጭስ ሙቀት መለኪያ ከቱርቦው በፊት ይገጠም። ጋራዡን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «የውጭው አየር ግፊት 76 ሲሆን ቱርቦውን ስንት እጥፍ እንዲጨምቅ ታዘዋለህ?» በቁጥር መመለስ ካልቻለ መኪናዎን ይዘው ይውጡ። በኢንሹራንስ ውልዎ ላይ ስለ ሞተር ለውጥ የተጻፈውንም አስቀድመው ያንብቡ፤ ያልተነገረ ለውጥ አደጋ ሲደርስ የክርክር ምክንያት ይሆናል።

204ቱ በእርግጥ ለሥራዎ አስፈላጊ ከሆነ ትክክለኛው መንገድ ከፋብሪካው 204 ሆኖ የወጣውን መኪና መግዛት ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ጥሩ የነዳጅ መኪና መተካት እየከበደ መጥቷል፤ በእጅዎ ያለውን ሞተር ጨርሶ ከማጣት የሚጠብቅዎት ውሳኔ ከ27 የፈረስ ጉልበት የበለጠ ዋጋ አለው። ምርመራውን ከሚቀጥለው የደሴ ጉዞዎ በፊት ያስደርጉ፤ በባዶ መኪና ሳይሆን የተለመደውን ጭነት ጭነው፣ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ይሁን፤ ቁጥሮቹንም አስጽፈው ያስቀምጡ።